የተሸነፈ ይነዳል

ስለ ጎልፍ አውቅ የነበረው የሀብታም ጨዋታ መሆኑንና ሣሩ ብዙ ውሃ እንደሚጠጣ ብቻ ነው። ይህን እውቀት ይዤ ነው እንግዲህ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎልፍ ሲከታተሉ የኖሩ ትልቅ ሰው አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀምጬ «እኔም እኮ ጎልፍ ስወድ ለጉድ ነው» ያልኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይባላል። እኔን ግን ቸግሮኝ ነበር።

የቸገረኝ የልጃቸው ነገር ነው። ልጃቸው ሎስ አንጀለስ፣ ኖርዝ ሆሊውድ ውስጥ ፋርማሲስት ናት። በጓደኛዬ ሠርግ ላይ ተዋውቀን፣ ፍቅር ከጀመርን ዓመት አልፎን፣ ልንጋባም ተስማምተን ነበር። የቀሩን አባቷ ብቻ ናቸው። «ብቻ» ያልኩት ለአፍ ያህል ነው። ጋሼ በተማሪነት አሜሪካ መጥተው የቀሩ፣ የአውሮፕላን ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ኢንጂነር ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ቶራንስ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ኦርቶዶክስ ናቸው። እኔ ደግሞ ጴንጤ ነኝ። በዚያ ላይ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ፣ ኤርፖርት አካባቢ እንግዳ የሚያመላልስ የሆቴል ሻትል የምነዳ፣ ሃውቶርን ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ የምኖር ሰው። ሽማግሌ ብልክ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው «ምንህን እናውራልህ?» ብለው የሚቸገሩብኝ ዓይነት።

«መጀመሪያ እንደ ሰው ይወቅህ» አለችኝ እሷ። «ሽማግሌው ይደርሳል። ሰንዴይ ሰንዴይ ከቅዳሴ ሲወጣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ሄዶ ጎልፍ ያያል። አጠገቡ ቁጭ በል። ስለ እኔ ግን ትንፍሽ እንዳትል፣ ኦኬ?»

ኦኬ አልኩ። ያኔ ሁሉንም ነገር ኦኬ እል ነበር።

ምግብ ቤቱ ከአንድ የልብስ ስፌት ቤት ጎን ያለ ጠባብ ቤት ነው። ቴሌቪዥኑ ከባንኮኒው በላይ ተሰቅሏል፣ ድምፁ ግን ሁልጊዜ የተዘጋ ነው፤ ባለቤቲቱ እትዬ ሙዚቃ ሳይከፈት ሰው ምግብ አይበላም ብለው ያምናሉ። ሌላው ቀን ኳስ ይታይበታል፣ እሑድ እኩለ ቀን ሲሆን ግን ጋሼ ከገቡ እትዬ ሳይጠየቁ ጎልፉ ላይ ያደርጉላቸዋል። ኳስ የሚጠብቁት ጎረምሶች እያጉረመረሙ ወደ በረንዳው ይወጣሉ። ማንም ሰው ከጋሼ ጋር ጎልፍ አይቶ አያውቅም ነበር። እስከ እኔ ድረስ።

እኔ ከአምልኮ፣ እሳቸው ከቅዳሴ እንመጣለን። እሳቸው ነጠላቸውን አጥፈው ወንበሩ መደገፊያ ላይ ያደርጋሉ፣ እኔ መጽሐፍ ቅዱሴን ከሽሮው ራቅ አድርጌ አስቀምጣለሁ። መጽሐፉን ሲያዩ መጀመሪያ ቀን የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

«ጴንጤ ነህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ጴንጤ ይወራረዳል?»

«በገንዘብ አይወራረድም።»

«በገንዘብ እኔም አልወራረድም» አሉ፤ ጨዋታውም በዚህ ተጀመረ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንድ ትልቅ ውድድር ላይ ከመቶ በላይ ሰው ይጫወታል፤ ማን ዋንጫ እንደሚበላ መገመት የነቢይ ሥራ ነው። ጋሼ ግን ከዚያ ሁሉ ሰው ሁለቱን ብቻ ይነጥላሉ፤ ብዙ ጊዜ አብረው እየተጓዙ የሚጫወቱትን። አንዱን እኔ እይዛለሁ፣ አንዱን እሳቸው። ሌላው ሰው ኖረ አልኖረ ጉዳያችን አይደለም። ከሁለቱ በዚያ ቀን የተሻለ የተጫወተውን የያዘ ሰው ያሸንፋል። የተሸነፈ ደግሞ ይነዳል፦ አሸናፊውን ወደፈለገበት ቦታ በመኪና ወስዶ ያደርሳል። ይህን ሕግ ያወጡት ጋሼ ናቸው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከዚህ የከበደ ቅጣት የለም፣ አሉ። ሥራዬ ሻትል መንዳት መሆኑን ነገርኳቸው። «እንግዲያው ለምደኸዋል» አሉኝ።

የመጀመሪያው ቀን ውርደቴን ሳስታውስ አሁንም ጆሮዬን ያቃጥለኛል። ባለ ነጭ ኮፍያውን ያዝኩ። የሰዎቹን ስም ስለማልይዝ በልብሳቸው ነበር የምለያቸው። ባለ ኮፍያው ይመታል፣ ደግሞ ይመታል፣ አሸዋ ውስጥ ገብቶ ይመታል፣ ከዛፍ ሥር ይመታል። ከስሙ ፊት ያለው ቁጥር እያደገ ሲሄድ እኔም ደረቴ እያደገ ሄደ። በመጨረሻ የጋሼን ሰው በስድስት ሲበልጠው ተነሥቼ አጨበጨብኩ። እትዬ ሳይቀሩ እንኳን ደስ አለህ አሉኝ። ጋሼ ሽሯቸውን ጨርሰው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ በዚህ ጨዋታ ብዙ የመታ ነው የሚሸነፈው።»

ጎልፍ ነፍሴ ነው ያልኩት ሰውዬ ይህን አላውቅም ነበር። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች የተባለው ለእኔ ነው። ጋሼ ግን አላሾፉብኝም። የመኪናቸውን ቁልፍ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አደረጉልኝና «ቶራንስ» አሉ።

የመኪናቸውን ቁልፍ፣ ልብ በሉ። የእኔ መኪና እዚያው ፌርፋክስ ቆማ ቀረች። ጋሼን በራሳቸው መኪና ቶራንስ አድርሼ፣ ከዚያ አውቶቡስ ጠብቄ፣ አውቶቡስ ቀይሬ፣ መኪናዬን ለማንሣት ፌርፋክስ ስመለስ መሽቷል፤ መስተዋቷ ላይም የቅጣት ወረቀት ተለጥፏል። በሚቀጥለው እሑድም ተሸነፍኩ። ከዚያም በሚቀጥለው። ያዕቆብ ስለ ራሔል ብሎ ለላባ ሰባት ዓመት በግ ጠብቋል፣ እኔ ስለ እሷ ፍሪዌይ ብነዳ ምን አለበት ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ያዕቆብ ቢያንስ በአውቶቡስ አልተመለሰም።

መሸነፉ ሲሰለቸኝ መማር ጀመርኩ። የሻትል ሹፌር ስለሆንኩ አስተማሪ አላጣሁም። ዓመታት ሙሉ ተሳፋሪዎች ይዘውት የሚመጡትን የጎልፍ ዱላ የታጨቀበት ረጅም ቦርሳ ክብደቱን እየረገምኩ ነበር የምጭነው። አሁን ቦርሳ ያለው ሰው ሲመጣ ፊቴ ይበራል። «ከዚህ ተጫዋችና ከዚያኛው ማንን ትይዛለህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሰዎቹ ከኤርፖርት እስከ ሆቴሉ ድረስ ሳያቋርጡ ያስተምሩኛል፤ አንዱ እንዲያውም ሆቴሉ በር ላይ ደርሰን ከመኪናው አልወርድ ብሎ ነበር። ነፋስ የሚወድ አለ፣ ነፋስ የሚፈራ አለ። ሩቅ መትቶ ቅርብ የሚስት አለ። እያልኩ እያልኩ ሳላስበው ነገሩ ደሜ ውስጥ ገባ። አንዲት ነጭ ኳስ አረንጓዴው ሣር ላይ ስትንከባለል፣ መሬቱ ሲያዘነብላት፣ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ስትደርስ ሳይ ትንፋሼን እይዝ ጀመር። ለማንም አልተናገርኩም። በቤተ ክርስቲያን ሰው ዘንድ ምን ይባላል፣ «ወንድም በጎልፍ ተያዘ» ይባላል?

ጋሼም ያስተምሩኝ ነበር፤ ቢያንስ እኔ የመሰለኝ እንደዚያ ነው። ጥያቄ በጥያቄ ያደርጉኛል። «እንዴት መታት?» ይላሉ። «ወደ ግራ ሄደች ጋሼ።» «የት አረፈች?» «ረጅሙ ሣር ውስጥ።» «ጉድጓዱ ጋ ለመድረስ ምን ያህል ቀረው?» እኔም እንደ ፈተና ተማሪ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ፣ ምንም ሳላስቀር እመልሳለሁ። ኢንጂነር ስለሆኑ ዝርዝር ይወዳሉ አልኩ። እጮኛዬንም «አባትሽ እኮ አስተማሪ ቢሆኑ ኖሮ!» እላታለሁ። እሷም ደስ ይላታል። «ወዶሃል ማለት ነው፣ ሌላ ሰው እንዲህ አያናግርም» ትለኛለች።

ከዕለታት አንድ እሑድ አሸነፍኩ። ያሸነፍኩት በእውቀት ነው ብል ደስ ባለኝ ነበር፣ ግን ሰውየውን የያዝኩት ሆዱ ከቀበቶው በላይ ወጣ ያለ ስለሆነ፣ በዚህም እኔን ስለመሰለኝና ስላዘንኩለት ነው። የጋሼ ሰው መጨረሻው አካባቢ ኳሷን ኩሬ ውስጥ ጨመራት፣ ባለ ሆዱ ደግሞ ዝም ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ሲያልቅ ምግብ ቤቱ መሃል «ሃሌ ሉያ!» ብዬ ጮህኩ። እትዬ እንኳ ሙዚቃውን ቀነሱ።

ጋሼ የመኪናቸውን ቁልፍ አውጥተው በእጃቸው ያገላብጡ ጀመር። ደስታዬ ትንሽ የበዛባቸው መስሎኝ ደነገጥኩ።

«አይ ጋሼ፣ ይቅር፣ እኔው ልንዳ» አልኩ።

«ውርርድ ውርርድ ነው። የት ልውሰድህ?»

«እንግዲያው እስከ መኪናዬ ድረስ። ትንሽ ወረድ ብላ ነው የቆመችው።»

«ሁለት ብሎክ? ታሾፍብኛለህ?» አሉ ተነሥተው። «ሃውቶርን ቤትህ ነው የማደርስህ። ተነሥ።»

ፌርፋክስን ይዘን ወደ ደቡብ ወረድን። ቀስ ብለው ነው የሚነዱት፤ የትልቅ ሰው አነዳድ ነው አልኩ። ፒኮ መንገድ ላይ ያለውን የትራፊክ መብራት ገና ቀይ ሆኖ ሳለ በቀስታ አለፉት። ከኋላ የመኪና ጥሩንባ ጮኸ። እኔ ምን አልኩ? ምንም። የወደፊት አማቴን «ቀይ ጣሱ» ልበላቸው? ይሉኝታ እኛን ስንቱን ገድሎናል፣ ያን ቀን ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ሊገድለኝ ነበር።

የሚቀጥለው መብራት ላይ ስንደርስ ጋሼ እንደ ሁልጊዜው፣ በዚያችው በምግብ ቤቷ ድምፅ፣ «መብራቱን ምን ትለዋለህ?» አሉኝ።

«ቀይ ነው ጋሼ» አልኩ፣ ጥሩ ተማሪ ስለሆንኩ።

«ጥሩ» አሉና ፍሬን ያዙ።

እዚህ ላይ አስተዋይ ሰው ይነቃል። እኔ ግን ፈተናው መንገድ ላይም ይቀጥላል ማለት ነው ብዬ፣ ጎበዝ ለመባል ሳይጠይቁኝም መናገር ጀመርኩ። «አረንጓዴ ሆነ ጋሼ። ፊት ለፊት ያለው አውቶቡስ እያቆመ ነው።» ላ ሲኤኔጋ የሚባለው መንገድ ገብተን ነዳጅ ከሚቀዳባቸው ጉድጓዶች አጠገብ ያለውን ዳገት ስንያያዘው ቀለል አለኝ። ዳገቱን ወርደን አንድ ማቋረጫ ጋ ስንደርስ ግን አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ እየገፋች አስፋልቱ ላይ ወርዳለች። ጋሼ አልቀነሱም። አየኋቸው። ዓይናቸው ቀጥታ ሴትዮዋ ላይ ነው፤ ፊታቸው ላይ ግን ምንም የለም።

መሪውን ይዤ ወደ እኔ ጎተትኩት። እንዴት እንደጎተትኩት አላውቅም፣ ብቻ ጎማው የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ገጭቶ ቆምን። ሴትዮዋ ጋሪዋን ወደ ኋላ ስባ የሰደበችን ስድብ ሁሉ ይገባን ነበር። ተናደድኩ፣ በማን እንደሆነ ግን ለይቼ አላወቅሁትም።

«ሰው ነበር?» አሉ ጋሼ።

«ሴት ናት ጋሼ። ከነልጇ።»

ሞተሩን አጠፉ። ሁለቱንም እጃቸውን መሪው ላይ አደረጉ።

«መሃሉ ጠፍቶብኛል» አሉ። «ዳር ዳሩ ይታየኛል። አንተን ስመለከትህ ጆሮህ ይታየኛል፣ ፊትህ የለም። ዶክተሩ መነጽርም ኦፕራሲዮንም አይመልሰውም ብሎኛል። ጠዋት መንገዱ ባዶ ሲሆን ቤተ ክርስቲያን ቀስ ብዬ እደርሳለሁ። መመለሻው ነበር የከበደኝ።»

ለካ እነዚያ ጥያቄዎች ፈተና አልነበሩም። ኳሷ የት እንዳረፈች የሚጠይቁኝ ስለማያዩአት ነው። የተሸነፈ ይነዳል የሚለው ሕግም የወጣው ለቅጣት ሳይሆን ወደ ቤት መመለሻ እንዲያገኙ ነው። እኔ ጎበዝ ተማሪ፣ ለወራት ለአንድ ማየት ለተሳነው ሰው እያየሁ መሆኔን አላየሁም። ከሁለታችን ዕውሩ ማን እንደነበረ እግዜር ይወቀው።

«አንድ ነገር ልለምንህ» አሉኝ። «ሴት ልጅ አለችኝ። ብትሰማ ያኔውኑ ቁልፌን ትወስደዋለች። እንዳትሰማ።»

«ልጅ አለዎት እንዴ?» አልኩ እኔ፤ ያን ዕለት ጠዋት ገና ከአልጋዬ ሳልነሣ በስልክ ስትስቅብኝ የነበረችዋን ልጅ እንደማላውቅ ሆኜ።

«ፋርማሲስት ናት።»

«ጎሽ» አልኩ። 

ቦታ ተቀያይረን እኔ ነዳሁ፣ ቶራንስም አደረስኳቸው። ያን ሳምንት እሷ በደወለች ቁጥር «አባዬ እንዴት ነው?» ትለኛለች፣ እኔም «ደህና ናቸው፣ ጨዋታ በጨዋታ ነን» እላለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን በሳምንቱ ውስጥ ነቅዞ ሆዴን በላው። ብነግራት ጋሼ ሽማግሌዎቼን ከደጅ ይመልሷቸዋል፤ የለመኑኝን አንዲት ነገር ያልጠበቅሁ ሰው ሆኜ ምን ፊት ይዤ ልጃቸውን እጠይቃለሁ? ባልነግራት ደግሞ ያቺ ባለ ጋሪ ሴት አለች። ማታ ማታ ስጸልይ የምትታየኝ እሷው ናት።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ገና ምግብ ሳይመጣ፣ ያለኝን ድፍረት ሁሉ ሰብስቤ ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከእንግዲህ መንዳት የለብዎትም። እርስዎ ካልነገሯት እኔ እነግራታለሁ።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። ጮክ ብለው አልተናገሩም፣ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«ቶራንስ ውስጥ ያለ መኪና መኖር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? እስር ቤት ነው። ሚስቴን ቀብሬአለሁ፣ ሥራዬን ለቅቄአለሁ። እሑድ ጠዋት ተነሥቼ፣ ኮት ለብሼ፣ በራሴ እጅ ነድቼ ከደጄ የምወጣበት ነገር እሱ ብቻ ነው። ይህንን ልትወስድብኝ ነው?»

«አይደለም ጋሼ…»

«ነው እንጂ።» ውሃቸውን ጠጡ። ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ አቅጣጫ ፊታቸውን አዞሩ። «እሺ። እንወራረድ። ካሸነፍክ ንገራት፣ አንዲት ቃል አልናገርህም። ካሸነፍኩ አፍህን ትዘጋለህ። ሶ፣ ማንን ትይዛለህ?»

ደስ አለኝ። ኃጢአት ነው፣ ግን ደስ አለኝ። ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን፣ ኳሷን የማያዩ ሰው፣ የሚያይላቸው ደግሞ እኔ። ማንም ይሸነፍ፣ ማንም ያሸንፍ፣ የማሸንፈው እኔ ነኝ። ረዓብ እንኳ ሰላዮቹን ለማዳን ዋሽታ እግዚአብሔር በጎ አድርጎላታል፣ እኔ ለጋሼም ለባለ ጋሪዋም ስል አንዲት ኳስ ሳተች ብላቸው ይቅር ይለኛል ብዬ ከራሴ ጋር ተስማማሁ። ረጅሙን ተጫዋች ያዝኩ። እሳቸው ጢማሙን ያዙ።

የሚያናድደው ነገር፣ ጨዋታው ያማረ ነበር። ሁለቱ ሰዎች እኩል ለእኩል እየተያያዙ ሄዱ። ጋሼ «የት አረፈች?» ይላሉ፣ እኔ የሆነውን እናገራለሁ፤ ውሸቴን ለመጨረሻው ቆጥቤዋለሁ። እያየሁ ሳለ ክትፎዬ ቀዘቀዘ። እትዬ መጥተው ደህና አይደለም ወይ ምግቡ አሉኝ። መጨረሻው ጉድጓድ ላይ ሲደርሱ አሁንም እኩል ናቸው። ረጅሙ ለጉድጓዱ በተመደበው የምት ቁጥር ጨርሶ ቆሞ ይጠብቃል። የጢማሙ ኳስ ከጉድጓዱ በጣም ሩቅ፣ የሣሩ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ናት፤ ይህችን አንዲት ምት ካስገባት በአንድ ምት ስለሚያንስ የጋሼ ሰው አሸነፈ፣ ከሳታት ገና አልለየለትም።

«እንግዲህ ንገረኝ» አሉ ጋሼ፣ እጃቸውን አጣምረው።

ሳተ፣ ሳተ፣ ሳተ እያልኩ በሆዴ ተለማመድኩ። ጢማሙ ቁጢጥ ብሎ መሬቱን አጠና። ተነሣና መታት። ኳሷ ጉድጓዱን ትታ ሌላ አገር የምትሄድ መሰለች። ሽቅብ ወጣች፣ ዳገቱ አናት ላይ ደርሳ ልትቆም አለች፣ እንደገና ሐሳቧን ቀይራ ወደ ግራ ታጠፈች፣ ቁልቁለቱን ይዛ እየተንከባለለች መጣች፣ መጣች፣ መጣች…

«ገባች!» ብዬ ብድግ አልኩ። ወንበሬ ከኋላዬ ወደቀ። «ገባች ጋሼ! ከዚያ ማዶ! ተጠማዝዛ መጥታ ገባች እኮ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ምግብ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ሁለት እጄን እንደ አምልኮ ወደ ላይ ዘርግቼ ቆሜአለሁ። ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ፣ እጆቼን አወረድኩ፣ ወንበሬን አነሣሁና ተቀመጥኩ። አንዲት ሕይወት የሚያድን ውሸት አዘጋጅቼ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ጠቅሼላት፣ በአንድ ኳስ ምክንያት ጣልኳት።

ጋሼ ወደ እኔ ዘንበል አሉ። ጆሮዬን እያዩ መሆናቸውን አሁን አውቃለሁ።

«ሳተ ልትለኝ አስበህ ነበር፣ አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ነካህ?»

«ምቷ አማረችኝ» አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ።

ሳቁ። ጋሼ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር። ትከሻቸው እየተነቀነቀ፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ፤ ሳቃቸውም ሲያልቅ ዓይናቸውን መጥረጋቸውን አላቆሙም። 

«እንግዲህ አሸንፌአለሁ» አሉ ቆይተው። «ስለዚህ አንተ አትነግራትም። ውርርድ ውርርድ ነው።»

«እሺ ጋሼ።»

ከኪሳቸው ስልካቸውን አወጡና ሰጡኝ። «እኔ ነኝ የምነግራት። ፊደሉ አይታየኝም፣ ልጄ ጋ ደውልልኝ። ስፒከር አድርገው።»

ስልኩን ተቀበልኩ። እስካሁን ድረስ የማፍርበት ይህ ነው፤ እንደ ማንኛውም እንግዳ ሰው «ስሟ ማን ነው?» ብዬ መጠየቅ፣ ስሟንም ከስልኩ ውስጥ መፈለግ ነበረብኝ። እኔ ግን ደንግጬ ነበርና፣ በዓለም ላይ በቃሌ የማውቀውን ብቸኛ ቁጥር ሳላመነታ መታሁት። ቁጥሩ አንድ በአንድ ድምፅ እያሰማ ሲመታ ጋሼ ጆሯቸውን ሰጥተው አዳመጡ።

«አባዬ?» አለች እሷ። ከኋላዋ የፋርማሲው ጫጫታ ይሰማል።

«ልጄ፣ ዓይኔ እምቢ ብሎኛል» አሉ። «ቆየ። አልነገርኩሽም። ከዛሬ ጀምሮ ድራይቭ አላደርግም።»

 እሷ ማልቀስ ጀመረች። ጋሼ ጠረጴዛው ላይ ያለውን እንጀራ በጣታቸው እየነካኩ እስክትጨርስ ጠበቋት፤ እኔ ደግሞ የትኛውን ግድግዳ እንደማይ ጠፋኝ።

«አሁን የት ነህ? ማን ይዞህ ይመጣል?» አለች። «ከሥራ እወጣለሁ፣ መጣሁ፣ እንዳትነቃነቅ።»

«አትምጪ» አሏት። «አማቼ ይነዳኛል።»

  ጋሼ የመኪናቸውን ቁልፍ በሽሮው ሳህን ጎን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝና ምሳቸውን ቀጠሉ።